የትሉ ረድፍ

ማርቆስ አራተኛውን የጤና አዳም ቁጥቋጦ በሁለት እጁ ጨብጦ ጎተተው። ሥሩ ካሰበው በላይ ወደ ታች ወርዷል። ተረከዙን አፈር ውስጥ ቀብሮ እንደገና ሲስበው ከነጓሉ ተነቅሎ ወጣ፤ እሱም በቂጡ ዘጭ አለ። ተነሣና ቁጥቋጦውን ከሌሎቹ ሦስቱ ላይ ወረወረው።

ሐሙስ ነበር፤ የጥቅምት አጋማሽ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። የጓሮው ባለቤት ዙቤይዳ የእህታቸው ባል ሞቶ ረቡዕ ጧት አጋሮ ለቅሶ ሄደዋል። እስከ ቅዳሜ አይመለሱም። ማርቆስ ይህን አስልቶ ነው የጀመረው።

ጤና አዳሙን ከአራቱ የጓሮ ጥጎች ካነሣ በኋላ ወደ ሰናፍጩ ሄደ። ሰናፍጩ በጥቅል ጎመኑ ዙሪያ አንድ ረድፍ ሆኖ ተዘርቷል። ትል በልቶት ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ማንም አይቆርጠውም፣ አይሸጠውም፣ መድኃኒት አይረጭበትም። ማርቆስ ከዳር እስከ ዳር ነቀለውና እዚያው ጎመኑ ሥር ከመረው። በመጨረሻ አበባ ያወጣውን ድንብላል አጨደ። በየመሐሉ የተተከለውን ነጭ ሽንኩርት ተወው። ነጭ ሽንኩርት ይሸጣል፤ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የሌሎቹ ባለቤት ግን አልታወቀውም፤ ያስፈራውም ይኸው ነበር።

ሲጨርስ ጸለየ። ከዚያ ምሳውን በላ። ክምሩን ወደ ጅረቱ የጣለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ምን እንደሆነ ያወቀው በኋላ ነው።

ማርቆስ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያደገው ዱራሜ አጠገብ ነው። ወደ ጅማ ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ሊሙ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሠራ፤ ቀጥሎ በግንባታ ላይ ድንጋይ ተሸከመ። ከአምስት ዓመት በፊት ዙቤይዳን አገኘ። ዙቤይዳ በሰቶ ሰመሮ ቀበሌ፣ ከጅረቱ ዳር ካሉት ሰባት ጓሮዎች የአንዱ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ከጅማ ወጥተዋል። መሬቱ የእሳቸው፣ ጉልበቱ የማርቆስ፣ ምርቱ እኩል። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጡት፤ ኪራይ አልጠየቁትም። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ዱራሜ ናቸው። ልጆቹ የሚማሩት ከዚህ ጓሮ በሚወጣ ጎመን ነው።

ተስማምተው ኖረዋል። በረመዳን ከባዱን ሥራ ሁሉ እሱ ይሠራል፤ በገና እሳቸው ቅቤና ዱቄት ይሰጡታል። የማይዋጥለት አተካከላቸው ብቻ ነበር። ዙቤይዳ ጎመንን ብቻውን አይተክሉም። በሁለት ረድፍ ጎመን መሐል ነጭ ሽንኩርት ይገባል። እዚህም እዚያም ድንብላል ተዘርቶ እስኪያብብ ይተዋል። በአራቱ ጥግ ጤና አዳም፣ በዙሪያው ሰናፍጭ። ሲተክሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቢስሚላህ እንደሚሉ ማርቆስ ያውቃል። በእሱ አልተጨነቀም። ያስጨነቁት አራቱ ጥጎች ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ጠይቋቸው ነበር።

«እማማ፣ ይሄ ሰናፍጭ የማን ነው?»

«የትሉ።»

«የትሉ?»

«አዎ። እዚህ ይብላና ጎመኔን ይተውልኝ። እሱም ነፍስ አለው፤ ምን ላድርገው ታዲያ?»

እየሳቁ ነው የተናገሩት። ማርቆስ አላመናቸውም።

ልጅ ሳለ በእናቱ ጓሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ረድፍ ነበር። በጥጎቹ የሚሸት ቅጠል ተተክሏል። ከረድፉ ማንም አይቆርጥም። ላሚቱ ስትወልድ የመጀመሪያው ወተት እዚያ ይፈስሳል፤ የሚያፈስሰው እሱ ነበር። የማን እንደሆነ ሲጠይቅ እናቱ አፉን በእጇ ትይዘዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እናቱ ጌታን ተቀበለች። ምእመናን እየዘመሩ መጡና ረድፉን ከሥሩ ነቀሉት። ማርቆስም አብሮ ነቀለ። እናቱ በዚያ ቀን ጮኻ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌሊት እየባነነች መጮህ ተወች። ማርቆስ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ትክክል ስለመሆኑ ያልተጠራጠረው ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚህ ጥቅምት ትንሹ ልጁ ታመመ። ሚስቱ ከሐኪም ቤት ደውላ አልቅሳ ዘጋችው። በማግስቱ ጧት ጎመን ሲያጠጣ ዓይኑ ወደ አራቱ ጥጎች ሄደ።

ዙቤይዳ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከባጃጅ ወረዱ። የለቅሶ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ በቀጥታ ወደ ጓሮ ገቡ። ማርቆስ ከክፍሉ ሆኖ ድምፃቸውን ሰማ።

«ማርቆስ!»

«አቤት እማማ።»

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ሁለት ቀን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። ስለ እናቱ ሊነግራቸው፣ ስለ ልጁ ሊነግራቸው፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ ብሎ ወስኖ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጤና አዳሙ የነበረበትን ጉድጓድ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነው። ክፍሉ ትዝ አለው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ትዝ አለው።

«ረቡዕ ጽጌ አርማ ነበር» አለ።

ይህ እውነት ነው። ጽጌ ረቡዕ ነጭ ሽንኩርቱን አርማ ነበር። ጽጌ የሰባቱን ጓሮዎች በቀን ሥራ የምታርም፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ከማርቆስ አገር፣ ከከምባታ የመጣች፤ እንደ እሱ አማኝ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ይለያያል። ሃያ ዓመት አርማለች። ሁለት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ አይታ ይህ ካሮት ነው፣ ይህ አረም ነው ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። የምትተዳደረው በዓይኗ ነው።

«ሰናፍጩ አረም መሰላት እንበል» አሉ ዙቤይዳ። «ድንብላሉም እንበል። ጤና አዳሙስ? ጉልበቴ ድረስ የደረሰ ጤና አዳም?»

«እንጃ እማማ። ደክሟት ይሆናል።»

ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሲናገር ድምፁ እንዳልተንቀጠቀጠ አስተዋለ፤ በዚያም አፈረ። ኋላ ያፈረባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ይህኛው ግን የመጀመሪያው ስለሆነ አይረሳውም።

ዙቤይዳ ሐሜተኛ ሴት አይደሉም። ነገር ግን ጓሮው እንደገና መተከል ነበረበት። ሰኞ ጧት የጤና አዳም ቅርንጫፍ፣ የድንብላልና የሰናፍጭ ዘር ፍለጋ ወደ ጎረቤት ጓሮዎች ወጡ። በየበሩ «ምነው፣ የእርስዎ የት ሄደ?» ተብለው ተጠየቁ፤ በየበሩም መለሱ። ስድስት በር። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የጽጌ ነገር ከጅረቱ ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ደረሰ።

ማክሰኞ ጽጌ መጣች። መኮትኮቻዋን ይዛለች፤ ከሥራ ተመልሳ ነው። ዙቤይዳ አልነበሩም። ማርቆስ በሩ ላይ ተቀምጦ ቦት ጫማውን እያጠበ ነበር።

«ወንድም ማርቆስ፣ ሰላም ነህ?»

«ጌታ ይመስገን፣ እህት ጽጌ። ግቢ።»

«አልገባም። የምጠይቅህ አለኝ። ጎረቤታችሁ ሳቢሃ ዛሬ ከበር መለሰችኝ። የእማማ ዙቤይዳን ሰናፍጭና ጤና አዳም ነቀልሽ አለችኝ። እኔ ነኝ የነቀልኩት?»

ማርቆስ ጫማውን ማጠቡን ቀጠለ።

«ረቡዕ ስወጣ በሩን የዘጋህልኝ አንተ ነህ» አለች። «ሰናፍጩ ቆሞ ነበር አይደል?»

«እኔ ልብ አላልኩም።»

«ልብ አላልክም?»

«ምናልባት ሳታውቂ ይሆናል። ሰው ነሽ፤ ይደክማል።»

ጽጌ አየችው። ከዚያ እጇን አየች፤ ሁለቱንም በኩል ገልብጣ። «ሳላውቅ» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሰው። ዞራ ሄደች። ማርቆስ የታጠበውን ጫማ እንደገና አጠበ።

በኅዳር መጀመሪያ ትሉ መጣ። መጀመሪያ የውጪው ቅጠል ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጥቦች ታዩ፤ በሳምንቱ የቅጠሉ ጅማት ብቻ ቀረ። ክሽክሹ፣ ያ ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ፣ ሥር ሥሩን ተከትሎ ጎመኑን አመድ የተነሰነሰበት አስመሰለው። ከሦስት መቶ ጎመን ገበያ የሚወጣ አርባ አልሞላም። በዙሪያው አዲስ የተዘራው ሰናፍጭ ገና አንድ ጣት ነበር።

ዙቤይዳ አንዱን ጎመን ገልጠው አሳዩት። አረንጓዴ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የቀጠነ ትል በክር ተንጠልጥሎ ወረደ።

«እንቁላሉን የምትጥለው የእሳት እራቷ ናት» አሉ። «ሰናፍጭ ካገኘች ጎመን ላይ አትጥልም፤ ሰናፍጭ ይጥማታል። የነጭ ሽንኩርቱና የጤና አዳሙ ሽታ ደግሞ ያደናግራታል፤ ጎመኑ የት እንዳለ ታጣዋለች። ድንብላሉ ሲያብብ ትንንሽ ተርቦች ይመጣሉ። ተርቦቹ ትሉን ይጨርሱታል። ነግሬህ አልነበር፣ የትሉ ነው ብዬ?»

«ነግረውኛል።»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ። መድኃኒት መግዣ ያልነበረው ሰው ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጎመኑ ሥር የደረቀ የሰናፍጭ ቅጠል አነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ነበር። ረድፉን እየተከተሉ ሄዱ።

«ነቅላ እዚሁ ነው የከመረችው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ትሉ ተነሥቶ ሄደ። የት ይሄዳል? ጎመኑ አንድ ክንድ ነው።» ቀና ብለው ቆሙ። «ይገርማል። ጽጌ የነቀለችውን ከተክል ሥር ትታ አታውቅም። ሁልጊዜ ወደ ዳር ነው የምታወጣው።»

ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ማርቆስ ያን ጊዜም ያውቀው ነበር። «ልሂድ፤ ውኃው እየፈሰሰ ነው» አለና ወደ ጅረቱ ወረደ። ውኃ አልከፈተም ነበር።

በዚያ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ቦሳ አዲስ ሰፈር ሄደ። አብርሃም እዚያ ይኖራል። ልብስ ሰፊ ነው፤ የማርቆስ የጸሎት ቡድን መሪም ነው። ማርቆስ ጭንቅላቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገረው፤ የእናቱን ጓሮ፣ የልጁን ሕመም፣ አራቱን ጥግ፣ ጽጌን። አብርሃም እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ልጅህ እንዴት ነው አሁን?»

«ድኗል። የሳንባ ምች ነው አሉ። መርፌ ተወጋ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስትገባ ደጃፌ ላይ ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ውጣና እይ።»

ማርቆስ ወጣ። ከደፉ አጠገብ፣ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ የለመለመ ጤና አዳም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፏል።

«ለሆዴ ነው» አለ አብርሃም ከውስጥ። «ስታመም ጨምቄ እጠጣዋለሁ። እኔንም ንቀለኝ እንግዲህ።»

«አትቀልድ ወንድሜ።»

«አልቀለድኩም። ጥርጣሬ ሲገባህ ሴትየዋን መጠየቅ ነበረብህ። አምስት ዓመት ከእሳቸው ጋር በላህ። አሁን ሂድና ንገራቸው።»

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩህ ይሆናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተባርረህ ትኖራለህ። ጽጌ አሁን እንደምትኖረው።»

ማርቆስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዛሬ እናገራለሁ ብሎ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሰኞ ዙቤይዳ ራሳቸውን አሟቸው ነበር። ማክሰኞ እንግዳ ነበራቸው። ሐሙስ ደስ ብሏቸው ነበርና ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለገም። ለእያንዳንዱ ቀን ምክንያት ነበረው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የላይኛው ጓሮ ባለቤት ቲጃኒ አጥሩ ላይ ተደግፎ ወሬ ይዞ መጣ። ቲጃኒ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሳይቀልድ መዋል የማይችል ሰው ነው።

«አዴ ዙቤይዳ፣ ላሜ ገመዷን በጥሳ ሽንኩርቴን ጨረሰችው!»

«ያ ረቢ! ሁሉንም?»

«አንድ አልቀረም። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ጽጌ አርማው ነው እላለሁ!»

ዙቤይዳ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው ሳቁ። ማርቆስ ይህን ቀልድ መስማቱ የመጀመሪያው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ በጅረቱ ዳር ድስት ያረረባትም፣ ቲማቲም የበሰበሰበትም ጽጌ አረመችው ይላል። ዙቤይዳ ሲስቁ ግን አይቶ አያውቅም ነበር።

«እሷማ አጋሮ ሄዳለች አሉ፣ ቡና ለቀማ» አለ ቲጃኒ። «እዚህ የሚጠራት ስታጣ። ማሎ፣ ኧረ እባካችሁ፣ ቡናውን ትታ ቅጠሉን እንዳትለቅምባቸው!»

«እኔ ነኝ» አለ ማርቆስ።

ሁለቱም ዞሩ።

«እማማ፣ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ቀን። ጽጌ ረቡዕ ስትወጣ ሁሉም ቆሞ ነበር።»

ከዙቤይዳ ፊት ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም። ወዲያው የሚጠፋበት መንገድ ያጣ ይመስል ነበር።

«ለምን?»

«አስማት መስሎኝ።»

ቲጃኒ ከአጥሩ ላይ ክርኑን አነሳ። «አንተ ሰውዬ! ሰይጣን ሲፈልግ ጤና አዳም ውስጥ ይገባል? መግባቱስ ይሁን፣ ሽታውን እንዴት ችሎ ይቀመጣል?»

«ቲጃኒ፣ ዝም በል» አሉ ዙቤይዳ።

ማርቆስ ያዘጋጀውን ቀጠለ። «መሬቱን ይውሰዱ እማማ። ክፍሉንም ዛሬ እለቃለሁ።»

«ስለ ክፍል ማን ጠየቀህ?» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስድስት በር አንኳኩቻለሁ። ያላደረገችውን አደረገች ብዬ። አላህ ነገ የሚጠይቀው አንተን ብቻ ይመስልሃል? ምላሱ የእኔ ነው። አንተ ነገርከኝ፣ እኔ ግን ተሸክሜ ዞርኩ።» እጃቸውን ከፍተው በጣታቸው ቆጠሩ። «ቲጃኒ ሰማ። አምስት ቀረ። ጫማህን አድርግ።»

ዙቤይዳ ያን ሰኞ የዞሩባቸውን በሮች ሁለቱም እንደገና ዞሩ፤ በዚያው ቅደም ተከተል። በየበሩ ዙቤይዳ አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ። «ስለ ጽጌ የነገርኳችሁ ሐሰት ነው። አፉ በሉኝ። የቀረውን እሱ ይንገራችሁ።» ከዚያ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ማርቆስ ብቻውን ይቆማል። በመጀመሪያው በር ስለ እናቱ አወራ፤ ስለ ወተቱ፣ ስለ ልጁ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። በሁለተኛው አሳጠረው። በሦስተኛው እናቱን ተዋት። «እኔ ነቅዬ በእሷ ላይ ዝም አልኩ» አለ፤ ሌላ የሚባል ነገር እንደሌለ የገባው እዚያ ነው።

አንዱ ምራቁን ተፋ። አንዷ አዝና ውኃ ሰጠችው፤ ይህ ከምራቁ ከበደው። ሳቢሃ ወገቧን ይዛ ሰማችና መጀመሪያ የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ስትነቅለው ጮኸ?»

«ማን?»

«ጤና አዳሙ። ጂኒ ካለበት መጮህ አለበት አይደል?»

ከኋላዋ ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ሴቶች ሳቁ። ሳቢሃ ወደ ዙቤይዳ ዞረች። «አዴ፣ እኔ በጽጌ ቦታ ሌላ ሰው ይዣለሁ። አሁን ይህቺን ምን ብዬ ላሰናብት? እሷስ ምን አጠፋች?»

ዙቤይዳ «አፉ በይኝ» ብለው ደገሙና ወጡ።

በማግስቱ ጧት በሚኒባስ አጋሮ ሄዱ። አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ጽጌ የምትለቅምበትን ማሳ የዙቤይዳ እህት ቤተሰቦች ያውቁት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር። ለቃሚዎቹ በየቡናው ዛፍ ሥር ሁለት ሁለት ሆነዋል። ጽጌ ብቻዋን ነበረች። ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ቅርንጫፍ ወደ ታች ጎትታ ይዛለች። ሲያያት ከስታለች።

ዙቤይዳ ቀድመው ሄዱ። ሁሉንም ነገሯት፤ የነገሩትን፣ የተነገራቸውን፣ በስድስቱ በር የተባለውን። ሳቄንም ስሚ ብለው በቀልዱ እንደሳቁ ነገሯት። «አፉ በይኝ» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ የሰሙትን ነው የተናገሩት።»

«ቢሆንም። እኔ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩሽም። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ።»

ተቃቀፉ። ዙቤይዳ ወደ ዘመዶቻቸው ቤት ሄዱ። ማርቆስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀረ። ጽጌ ወደ ቅርንጫፉ ተመለሰች።

«እህት ጽጌ፣ በድያለሁ።»

«እናቴ በመጨረሻዋ ዕድሜዋ ነገር ይጠፋት ነበር» አለች፤ አላየችውም። «ጨው ትልና ስኳር ታነሳለች። የእኛን የልጆቿን ስም ታምታታ ነበር። ያን ቀን ካንተ ስመለስ የእሷ መጣብኝ አልኩ። ሳታውቂ ይሆናል አልከኝ። ሳላውቅ ከሆነስ ብዬ ሌሊት ተቀምጬ ረቡዕን ከጧት ጀምሬ ቆጠርኩት። የገባሁበትን፣ የነካሁትን። ሰናፍጩን የነቀልኩበት አጣሁት። አጣሁት ማለት ረሳሁት ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ።»

ማርቆስ ጽጌ ሥራ እንዳጣች ያውቅ ነበር። ስሟ መሳቂያ እንደሆነም ያውቅ ነበር። ይህን ግን አላሰበውም።

«በሚቀጥለው ቀን ሰው ጓሮ ገብቼ ካሮቱን አላወቅኩትም» አለች። «ዓይኔ እያየው እጄ ፈራ። ሁሉም አረም መሰለኝ። ነቅዬ ሳልጨርስ ወጣሁ። ሌሎቹ ሳያባርሩኝ ያባረርኩት እኔው ራሴን ነው።»

«ምን ልበልሽ?»

«ምንም። ከፊቴ ቆመህ አትጋርደኝ። ወይ ልቀም ወይ ሂድ።»

ማርቆስ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገና መልቀም ጀመረ። ሊሙ የሠራው ማጠቢያ ውስጥ ነው እንጂ ለቅሞ አያውቅም። ጽጌ በየጥቂቱ ቅርጫቷ ውስጥ ያስገባውን ታይና አረንጓዴውን እየለየች ትጥላለች።

«ይሄ አልደረሰም። ይሄም። ቀዩን ነው አልኩህ።»

«ቀይ መስሎኝ ነው።»

«ሁሉም ነገር ይመስልሃል አንተ» አለች። በአጠገባቸው ያሉት ሁለት ለቃሚ ሴቶች ሳቁ። ጽጌ አልሳቀችም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቀመ። ዙቤይዳ ከመንገዱ ሲጠሩት እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ይቅር ትይኛለሽ?»

ጽጌ ቅርንጫፉን ለቀቀችው፤ ተመልሶ ወደ ላይ ተወረወረ።

«እጸልይበታለሁ» አለች።

ማርቆስ የአማኝ ልጅ ነው፤ አማኝ እምቢ ማለት ሲከብደው እንዲህ እንደሚል ያውቃል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። በሚኒባሱ ውስጥ ዙቤይዳ ምን አለች ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። «አትጎትታት» አሉት። «ሰናፍጩ ነገ ውኃ ይፈልጋል።» ስለ ክፍሉ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም አላነሱም።

ጽጌ በጥር መጨረሻ ወደ ጅረቱ ዳር ተመለሰች። አምስት ጓሮ ታርማለች። የሳቢሃን ሌላ ሰው ይዞታል። የዙቤይዳን እንድታርም ሁለት ጊዜ ተጠይቃ አልሄደችም።